አያ እንድሪስ ያበላኝ ዓሣ

የእስላም ሥጋ በላህ ተብዬ ከሚካኤል ማኅበር ተባረርሁ። የበላሁት ዓሣ ነው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ጌጥ የለውም። አባቴና አያቴ በጠጡበት ጽዋ እኔ አትጠጣም ተባልሁ። ይህን ያሉኝ ሰዎች ዓሣውን አላዩትም፣ አልቀመሱትም፣ ያጠመደውን ሰው ወርደው አልጠየቁትም።

ዓሣውን ያበላኝ ሰው ዘንድሮ ኅዳር ሲጠባ ሞተ። አያ እንድሪስ ይባላል። ንፋስ መውጫ ገበያ ዳር፣ በረንዳ ላይ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነበር። ሴት ልጁ ደውላ "አባባ ዐረፈ" ስትለኝ በሬዎቼን እያጠጣሁ ነበር። ስልኩን ኪሴ ከተትሁ፣ በሬዎቹ እስኪጠግቡ ቆምሁ፣ ከዚያ ሄድሁ። ሰው ሞተ ተብሎ በሬ አይጠማም አይባልም። ይህን እሱ ቢሰማ ይስቅ ነበር። ሳቁ ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ይነቀነቃል።

የተዋወቅነው በጎልማሶች ትምህርት ነው። እኔ ፊደል የለየሁት ጠጉሬ ሽበት ካወጣ በኋላ ነው፤ እሱ ከኔም ይበልጣል። ሦስታችን በአንድ አግዳሚ ወንበር ተቀመጥን፤ እኔ፣ አያ እንድሪስና አረቄ የምትሸጠው ጥሩነሽ። ለልጆች የተሠራ ወንበር ስለሆነ ጉልበታችን አገጫችንን ሊነካ ምንም አልቀረው። አያ እንድሪስ በልጅነቱ ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበበውን ቁርኣን ተምሯል። ስለዚህ የመጀመሪያ ቀን ደብተሩን በስተኋላ በኩል ከፈተው።

"አባባ፣ ደብተርዎ ተገልብጧል" አለው መምህሩ።

"አልተገለበጠም፣ ልጄ። እኔ በዚህ በር መግባት ለምጄ ነው።"

"እንግዲያ መሐል ላይ እንገናኛለን" አለች ጥሩነሽ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሦስታችን አልተለያየንም።

እኔ ቶሎ የምቆጣ ሰው ነኝ። የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቀዋል፤ መደበቅም አልፈልግም። አያ እንድሪስ ለተቆጣ ሰው አንድ ዘዴ ነበረው። ከወሰንተኛዬ ጋር ተጣልቼ፣ ወይም ቢሮ ተጉላልቼ እየጮህሁ በረንዳው ላይ ስወጣ፣ ምን ሆንህ አይለኝም። መርፌና ክር ያቀብለኛል።

"ዓይኔ ደክሟል። እስኪ ይችን አስገባልኝ።"

ክር በመርፌ ዓይን የሚገባው ትንፋሽ ሲያዝ ነው። እየጮኹ አይገባም። አንዴ ስስት፣ ሁለተኛ ክሩን በምራቄ ሳሾለው፣ ገብቶልኝ ቀና ስል ንዴቱ ከየት እንደጀመረ ይጠፋኛል። ዓይኑ ከኔ ዓይን የተሻለ እንደሚያይ ያወቅሁት በስንት ጊዜዬ ነው። ሲያሾፍብኝ ኖሯል ብዬ በዚያም ተቆጣሁ። እሱም መርፌውን አቀበለኝ።

ነገር ሲከርርብህ "ጨርቅ ከጎተትኸው ይቀደዳል፣ ከተከተልኸው ይሰፋል" ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የሚጎተት ነገር አለ። ግን እሱ ሲለው ዝም እላለሁ።

የዓሣው ነገር የመጣው በልጄ ሠርግ ነው። አገራችን እንደሚታወቀው ክርስቲያን ያረደውን እስላም አይበላም፣ እስላም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም። ሠርግ ሲሆን ለእስላሞቹ ለብቻ ዳስ ይጣላል፤ ፍየል ይሰጣቸዋል፤ ራሳቸው አርደው ራሳቸው ሠርተው ይበላሉ። ወግ ነው፤ ክፋት የለበትም። የኔም ልጅ ሠርግ እንደዚያው ሆነ። መሐል ላይ እንግዳ ላስተናግድ ወጣ ስል አያ እንድሪስ ሳህኑን ይዞ ከሁለቱ ዳስ መካከል ቆሟል። ከዚያም ከዚህም ዘፈን ይሰማል።

"ምን ጎደለ፣ አያ እንድሪስ?"

"ምንም አልጎደለም። ፈንታሁን፣ ሽሮ ስንት ዓመት አብረን በላን። ድግስ ግን አንድ ቀን አብረን በልተን እናውቃለን?"

"ምን ይደረግ። ወጉ ነው።"

"ወጉን አልነካም። ወጉ የማይነካው ድግስ የት ይገኝ ይሆን እያልሁ ነው።"

ሞቅ ብሎት ነው እንዳልል አይጠጣም። ረሳሁት። እሱ አልረሳውም።

በዚያ ሰሞን መምህራችን ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ አስነበበን። ይህ እንስሳ ከዓለም በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ነው፣ ሰው በአውሮፕላን መጥቶ ያየዋል አለን። እኔ እጄን አወጣሁ።

"የሚወዱት ከሆነ ለምን አይወስዱትም? ገብሴን ዕድሜውን ሙሉ የበላው እሱ ነው።"

ክፍሉ ሳቀ። አያ እንድሪስ ግን አልሳቀም፤ አሳቡ ሌላ ቦታ ነበር። ስንወጣ ክንዴን ያዘኝ።

"አገኘሁት።"

"ምኑን?"

"ዓሣ! ዓሣን ማን ያርደዋል? ከውሃ ሲወጣ በራሱ ይሞታል። ያንተም ወገን የኔም ወገን ቢላዋ አያነሣበትም። ከታች ጋይንት፣ ወደ በሽሎ ከሚወርደው ወንዝ ዳር፣ ዓሣ ጠብሶ የሚሸጥ ቆለኛ አለ ብለውኛል። ከላይ ገደሉ አፋፍ ላይ ደግሞ ጭላዳው ሞልቷል። ጠዋት ጭላዳ እናያለን፣ ለምሳ ዓሣ እንበላለን።"

"ጭላዳ ለማየት እኔ ከቤቴ ልውጣ?"

"ውጣ እንጂ!" አለች ጥሩነሽ። "እነሱ ስንት ጊዜ አንተን ሊያዩ መጡ፤ ብድር መመለስ ነው።"

ቀኑን እንደ ሠርግ ቀን ነው የመረጠው። ሮብና ዓርብ አይሆንም፣ ጾም ነው አለ። ጥሩነሽ በበዓለ ሃምሳ ሮብም ዓርብም እንደማይጾም ነገረችው። እንግዲያ በሃምሳው ይሁን አለ። ዓርብ የሱ ጸሎት አለው። ስለዚህ ግንቦት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ተቆረጠ። ለኔ ሃይማኖት ከኔ ይልቅ እሱ ተጠነቀቀ። ይህን ወደፊት ስለሚያስፈልግ ያዙልኝ።

በሚኒባስ እስከ አርብ ገበያ ከተማ ወረድን። ከዚያ ባጃጅ ይዘን መንገዱ እስከ ወሰደን ሄድን፤ የቀረውን በእግር። አፋፉ ላይ ስንደርስ ጭላዳው በመንጋ ተቀምጧል። እኔ ሳላስበው ጎንበስ ብዬ ድንጋይ አነሣሁ። አያ እንድሪስ እጄን ያዘኝ።

"እዚህ ገብስ የለህም እኮ።"

"ልማድ ነው።"

"እንግዲያ ድንጋዩን ያዘው፣ አትጣለው። ግን አትወርውር። ተቀመጥና እንዲሁ እያቸው።"

ድንጋዬን ይዤ ተቀመጥሁ። በሁለት እጃቸው ሣር ይነጫሉ፤ ልክ አረም እንደሚያርም ሰው፣ በቂጣቸው እየተንፏቀቁ። አንዷ ልጇን በጀርባዋ አዝላለች። አውራው ደረቱ ቀይ ነው፤ ጎፈሩ ነፋስ ሲነካው እንደ ካባ ይወዛወዛል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ጀርባቸውን ነው፤ ስወረውር፣ ሲሮጡ። ፊታቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው። ደስ ይላል አልልም፤ ገብሴን በልተዋል። ግን ድንጋዩን መቼ እንደ ጣልሁት አላውቅም።

አውራው ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ጥርሱን ሲያሳይ ጥሩነሽ በስልኳ አነሣችው።

"የሞተው ባሌ ጠጥቶ ሲገባ ልክ እንዲህ ነበር። ነፍስ ይማር።"

የአያ እንድሪስ ትከሻ ተነቀነቀ። ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወጣ ነበር የመጣው፤ ያኔ አየሁት። "ለዚህ ጎፈር ስንት ክንድ ጨርቅ ይበቃል?" አለ።

ቁልቁለቱ ከባድ ነው፤ ግንቦት በቆላ እሳት ነው። አያ እንድሪስ ደረቱን ያመዋል፤ ሦስት አራት ጊዜ እየተቀመጠ ወረደ። እንመለስ ስለው "ገና ሳልበላ?" አለኝ። ወንዙ ቀጥኗል። ዓሣ ጠባሹ ከብት ነጋዴዎች ከሚሻገሩበት መልካ አጠገብ ዳስ ጥሏል፤ ምድጃ፣ መጥበሻ፣ አንድ ትሪ፣ ሌላ ዕቃ የለውም። ገና ስንቀመጥ ጢማም የሆነ ትልቅ አምባዛ አንጠልጥሎ አመጣ። አያ እንድሪስ አየውና እጁን አወዛወዘ።

"ይህ ቅርፊት የለውም። እነዚህ ሰዎች ቅርፊት የሌለው አይፈቀድላቸውም። ቅርፊት ያለው አምጣ።"

"አባባ፣ አምባዛው እኮ የሰባ ነው።"

"ይስባ። ቅርፊት ያለው አምጣ አልሁህ።"

እኔ ይህን ሕግ አላውቀውም ነበር። ደጋ ተወልጄ ደጋ ያደግሁ ሰው ዓሣ የት አይቼ?

"ማን ነገረህ?" አልሁት።

"አንድ የእስቴ ዲያቆን ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ ነበር። ሱሪው እስኪያልቅ ጠየቅሁት።"

ቅርፊቱን ራሱ ፋቀው። ቆለኛው ልፋቅልህ ቢለው እምቢ አለ፤ መጥበሻው ውስጥም አምባዛ ተጠብሶበት እንደሆነ ጠይቆ በአመድ አሳጠበው። ተጠብሶ፣ በበርበሬና በሎሚ ተለውሶ በአንድ ትሪ ቀረበ። ጥሩነሽ ከቤቷ ያመጣችውን እንጀራ ዘረጋች። እሱ "ቢስሚላህ" አለ፣ እኔ "በስመ አብ" አልሁ፣ ከአፋችን እኩል ወጣ። "ለሁለታችሁም አሜን፤ አሁን ሳይቀዘቅዝ ብሉ" አለች።

እሱ ቶሎ አልበላም። እጁን ትሪው ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ። ሦስት እጅ በአንድ ትሪ ላይ። ከዚያ ትልቁን ቆርሶ እሾሁን ለቀመና አጎረሰኝ።

"ድግስ ይሉሃል ይህ ነው፣ ፈንታሁን።"

ዓሣው ጣፋጭ ነበር። ብዙ ነገር ተብሎበታልና ይህም ይጻፍ፤ ጣፋጭ ነበር።

ሁለተኛው ዓሣ ሲቀርብ አያ እንድሪስ ቢላዋውን አንሥቶ፣ እንደ ልማዱ ከፍ አድርጎ "ቢስሚላህ" ሲል፣ ከበላያችን ባለው መንገድ ከብት የሚነዳ ሰው ደረሰ። ቀና ስንል ጋሽ ዘገየ ነው። ከብት ነጋዴ ነው፤ በማኅበራችን ደግሞ ሙሴው፣ ማለት ሰብሳቢው እሱ ነው።

"ጋሽ ዘገየ! እንብላ!" አልሁ።

"ይባርክላችሁ! ብሉ፣ ብሉ" አለና ፊቱን ወደ ከብቶቹ አዞረ። ሄደ።

እንዲህ ማድረግ ጨዋነት ነው። የሰው ገበታ አይቃኝም። ዘገየም ጨዋ ሰው ነው፤ አልቃኘም። ትሪው ውስጥ ምን እንዳለ ሳያይ ሄደ። እኔን የጎዳኝ ጨዋነቱ ነው።

ሰኔ ሚካኤል ማኅበር ሄድሁ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ጽዋው ከመምሬ ወርቁ ተነሥቶ በየተራ ዞረ። እኔ ዘንድ ሲደርስ አሳላፊው ዘሎኝ ለሚቀጥለው ሰጠ።

"ተሳሳትህ" አልሁት።

አሳላፊው መሬት መሬት አየ። ዘገየ ተነሣ።

"አልተሳሳተም። ፈንታሁን፣ የእስላም ሥጋ በልተሃል።"

"የበላሁት ዓሣ ነው!"

"ዓሣ!" አለ አንዱ ከጥግ። ሰዉ ሳቀ። "የጋይንት ሰው ከመቼ ጀምሮ ነው ዓሣ የሚበላው?"

"እንድሪስ ቢላዋ ይዞ ቢስሚላህ ሲል በጆሮዬ ሰምቼ፣ በዓይኔ አይቻለሁ" አለ ዘገየ። "በሚካኤል ስም!"

ከማለ በኋላ ነገሩ ተቆለፈ። ጥሩነሽ አብራን ነበረች፣ ጠይቋት አልሁ፤ አረቄ ሻጭ ምስክር አትሆንም አሉ። ስልኳን አምጥቼ አሳየኋቸው። ጭላዳውን ከፊትም ከጎንም ስታነሣ ውላለች፤ ዓሣውን አንድ ጊዜ አላነሣችውም። አንድ ሽማግሌ ስልኩን አገላብጦ "ይሄንንስ አልበላህም አይደል?" አለኝ። አሁንም ሳቁ።

መምሬ ወርቁ አልሳቁም። "ልጄ፣ ቄደር ተጠመቅና ተመለስ። ቀላል ነው" አሉኝ። ቄደር ሃይማኖቱን የለወጠ ሰው ሲመለስ የሚጠመቀው ነው።

"ምን አጥፍቼ?"

"ተጠመቅና ይለቅ።"

"አልጠመቅም" ብዬ ወጣሁ።

ማኅበር የሌለው ሰው ምን እንደሆነ የገጠር ሰው ያውቃል። ዝክር ሲዘከር በሩ ላይ አይጠራም። አጨዳ ሲደርስ ደቦ የሚወጣለት ይሳሳል። ባለቤቴ ውሃ ስትቀዳ ሴቶቹ እንስራቸውን ፈቀቅ ያደርጋሉ። "ውሃ ነው፤ ምን አለበት ብትጠመቅ?" እያለች ታለቅስብኛለች። እኔም እንዲሁ እጮኻለሁ።

አያ እንድሪስ በረንዳ ስደርስ እንደ ልማዱ መርፌውን አቀበለኝ። ወረወርሁት። ጎንበስ ብሎ ፈልጎ አነሣውና ነገሩን አስጨረሰኝ።

"ተጠመቅ" አለኝ።

"አንተም?"

"ጸበል ምን ይጎዳሃል? ልጆችህን አስብ። እኔን አይከፋኝም።"

"እኔን ይከፋኛል። ከተጠመቅሁ ያበላኸኝ ርኩስ ነበር ማለት ነው። ቅርፊቱን በእጅህ ስትፍቅ አይቻለሁ።"

ወደ ስፌት መኪናው ዞሮ መርገጥ ጀመረ። ከመርፌው ሥር ግን ጨርቅ አልነበረም። ባዶውን ሰፋ።

ክረምቱ ገባ። እኔ ሳላውቅ አንድ እሑድ ቅዳሴ እስኪወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ዝናብ እየመታው መምሬ ወርቁን ጠበቃቸው። ኋላ መምሬ ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

"መምሬ፣ ሥጋ አላበላሁትም። ወላሂ ዓሣ ነው" አላቸው።

"እኔስ አምንሃለሁ፣ እንድሪስ። ዘገየ ግን በሚካኤል ስም ምሏል። የማለን ሰው በምን አፌ ዋሸህ ልበለው?"

"ዘገየ አልዋሸም። ያየውን ተናገረ፤ ያላየውን ጨመረበት። እንዴት ይመለስ? መመለሻ መንገድ ሊሠራለት ነው የሚገባው።"

ይህን ስሰማ በረንዳው ላይ ሄጄ ጮህሁበት። ማን ላከህ አልሁት። ማንም አለ። ለዘገየ ነው ወይስ ለኔ የምታስበው አልሁት። ሳል ያዘው። ከዚያ በኋላ ስለ ማኅበሩ አንሥቶብኝ አያውቅም። እኔ የተወው መስሎኝ ነበር። ትንሽም ታዝቤዋለሁ።

ጥቅምት ሲያልቅ አልጋ ያዘ። ስሄድ ስለ ገብሱና ስለ ጥሩነሽ አዲስ ጠጅ ቤት ያወራኛል። "ጭላዳው ደህና ነው?" ይለኛል። "ገብሴ ላይ ነው" እለዋለሁ። ትከሻው ሊነቀነቅ ይሞክርና ሳሉ ይቀድመዋል።

ሞተ። በእነሱ ሥርዓት ያንኑ ዕለት ተቀበረ። ቃሬዛውን እስከ መቃብሩ አፍ ድረስ እየተቀባበልን ተሸከምነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም። ዘገየም መጥቶ ነበር። ጋቢውን አዘቅዝቆ ከሰው ኋላ ቆሟል። ሲያየኝ ዓይኑን ሰበረ። እኔ አላናገርሁትም።

ለኅዳር ሚካኤል መምሬ ወርቁ ሰው ላኩብኝ። አልሄድም አልሁ። ባለቤቴ ነጠላዬን አምጥታ ጭኔ ላይ ጣለችውና በሩ ላይ ቆመች። ሄድሁ። ከበሩ አጠገብ ተቀመጥሁ፤ ሲያባርሩኝ ለመውጣት ይቀርበኛል ብዬ ነው።

ጽዋው ሊነሣ ሲል ዘገየ ቆመ።

"ወንድሞቼ፣ ሳይዞር በፊት የምናገረው አለኝ። በሰኔ ቢላዋ አይቻለሁ፣ ቢስሚላህ ሰምቻለሁ። ሥጋ ግን አላየሁም። ገበታቸውን አልቃኘሁም፤ አባቴ የሰው ገበታ አትቃኝ ብሎ ነው ያሳደገኝ።"

"ታዲያ ሥጋ ነው ብለህ እንዴት ማልህ?" አሉት መምሬ።

"ሌላ ምን ሊሆን ይችላል ብዬ!"

ሰዉ አጉረመረመ። ዘገየ ቀጠለ፤ የማላውቀውን ነገር ሁሉ ያኔ ሰማሁ።

"ጥቅምት መባቻ ላይ ወንዙ ጎድሎ ከብት ላሻግር ወረድሁ። ከሩቅ ሳል ሰማሁ። እንድሪስ ነው። የምሻገርበትን ቀን ጠይቆ ሊጠብቀኝ ወርዷል፤ በዚያ ደረቱ እንዴት እንደ ወረደ እግዜር ይወቅ። ያንኑ ትሪ፣ ያንኑ ቢላዋ ይዞ ዳሱ ሥር ተቀምጧል። 'ዘገየ፣ ያን ዕለት የት ነበር የቆምኸው?' አለኝ። ከላይ ከመንገዱ አልሁት። 'እስኪ እዚያው ቁም' አለኝ። ቆምሁ። ቢላዋውን አነሣ፣ ቢስሚላህ አለ። 'ምን አየህ?' አለኝ። ያኔ ያየሁትን አልሁት። 'እንግዲያ ውረድና ገበታውን እየው።' የሰው ገበታ አይታይም፣ እንድሪስ፣ አልሁት። 'እንግዲያ የራስህ አድርገውና እየው' አለኝ።"

እዚህ ላይ ቆመ።

"እህስ?" አሉ መምሬ።

"በላሁ፣ መምሬ። አብሬው በላሁ። ዓሣ ነው። ፈንታሁን ቄደር ይጠመቅ ከተባለ እኔ ቀድሜ ልጠመቅ።"

ከጥግ ሆኖ የሳቀብኝ ሰውዬ ጢሙን ይነጫል።

"ለምን እስካሁን ዝም አልህ?" አልሁት። ከሰኔ ወዲህ ያናገርሁት ያኔ ነው።

"አፈርሁ። በጥቅምት ሚካኤል ልናገር ብዬ አፌ ተያዘ። እሱም 'አንተው በፈቀድኸው ቀን ተናገር፤ እኔ ለፈንታሁን አልነግረውም' ብሎኝ ነበር። አልነገረህም። ይዞት ተቀበረ።"

መምሬ ወርቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ማንም አይጠመቅም" አሉ። "ጌታችንም ከትንሣኤው በኋላ ከሐዋርያት ጋር የበላው ዓሣ ነው። ያውም በሃምሳው።" ይህን በሰኔ ቢሉት ምን ነበረበት? አላልኋቸውም፤ እዚህ ግን ጽፌዋለሁ።

ዘገየ መጥቶ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። በትልቅ ሰውነቱ። ሰዉ ሁሉ "ይቅር በለው! ስለ ሚካኤል!" እያለ ተነሣ። አሳላፊው ጽዋውን ሞልቶ ወደኔ ይዞ መጣ። ክፉ ሰው ልባልና ያን ጊዜ እጄን አልዘረጋሁም።

"የእኔ ቀላል ነው" አልሁ። "ርኩስ ነው የተባለው የሱ ገበታ ነው። ሂድና ለባለቤቱ ንገራት።"

"እሺ። ነገ በማለዳ…"

"አሁን። ጽዋውን ስንመለስ እጠጣለሁ።"

መምሬ መስቀላቸውን ይዘው መጀመሪያ ተነሡ። ማኅበሩ በሙሉ ተከተለ። ጋቢ የለበሰ ሰው በሰልፍ ወደ እንድሪስ ቤት ሲወርድ የገበያው ሰው ከየሱቁ ወጥቶ ያየናል። ጥሩነሽ ጠጅ ቤቷን ጥላ ከኋላችን ተቀላቀለች። የአያ እንድሪስ ባለቤት እትዬ ዘይነብ ለቅሶ ላይ ናት፤ በሩ ላይ ስታየን ደነገጠች።

"ደግሞ ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም፣ እትዬ" አልሁ። ዘገየን ወደ ፊት ገፋሁት።

ዘገየ ኮፍያውን አወለቀ። "እትዬ ዘይነብ፣ ባልሽን በሰው ፊት አርክሼዋለሁ። ከገበታው በልቻለሁ፤ ንጹሕ ነው። ይህን ልነግርሽ ነው የመጣሁት።"

እትዬ ዘይነብ አየችው። ሻሿን አስተካከለች።

"መብላትህን አውቃለሁ" አለች። "ለኔ ብቻ ነግሮኛል። ያን ዕለት እያሳለው ገብቶ፣ 'ዘገየ አፍሮ እጁን ሰበሰበ እንጂ አልጠገበም፤ ምነው አንድ ዓሣ ባስጨመርሁ ኖሮ' እያለ ሲቆጭ ነው ያመሸው።"

ዘገየ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። እዚያው ደጃፉ ላይ፣ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ማንም አላነሣውም። እኔም ግድግዳው ጥግ ሄጄ ጥቂት ቆየሁ።

ተመልሰን ጽዋው ተቀዳልኝ፤ ጠጣሁ። ኅዳር 12 ቀን ነበር።